የሐጂ ሊብሬ

ሁለተኛ ዲግሪዬ የተያዘው በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። ቀልድ አይደለም። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ተመልሶ እንደሚመጣ ዋስ መጥራት ነበረበት፤ ዋሱም ወይ ጠርቀም ያለ ደሞዝ፣ ወይ የሚታገድ ንብረት ያለው ሰው መሆን አለበት። እኔ ያን ጊዜ ዲላ፣ አውራጃ ፍርድ ቤት ውስጥ ወጣት ዳኛ ነበርኩ። ቀን ቀን የሌላውን ሰው ዋስትና ስቀበልና ስከለክል እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ እናቴ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ለእኔ ማን ዋስ እንደሚሆነኝ አስባለሁ።

ትምህርቱ «ሕግና ልማት» ይባል ነበር፤ ቦታው ሆላንድ። ዕድሉ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የተሰጠው ለእኔ አልነበረም። የተመረጠው ሰው ሚስቱ አራስ ሆነችበትና ተወው፤ ወረቀቱ ሲንከባለል እኔ ጋ ደረሰ። ዛሬ ልጆች አፋቸውን ሞልተው ግሎባላይዜሽን የሚሉትን ነገር ያኔ እኛ የዓለም ገበያ ነበር የምንለው። ገበያው ከእኛ ምን እንደሚፈልግ፣ ሕግስ ለደሃ አገር ምን እንደሚፈይድ ማወቅ እፈልግ ነበር። በጣም እፈልግ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ የተመኘሁት ነገር የለም።

የዋስ ፍለጋውን ነገር አላነሳውም ብል ይሻለኝ ነበር። አንድ ባልደረባዬ «ሚስቴን ላማክር» አለኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሪደር ላይ ባየኝ ቁጥር ሰዓቱን ያያል። ሌላው «አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፣ ዘመኑን ነው» ብሎ ቢያንስ ቡና ጋበዘኝ። አልፈርድባቸውም። የሄደ ሁሉ እየቀለጠ በሚቀርበት ጊዜ ለሰው ዋስ መሆን ደሞዝን ለመቆረጥ አሳልፎ መስጠት ነበር። እናቴ የጨው፣ የጋዝና የክር ሱቋን ላስይዝ ብትል የቀበሌው ጸሐፊ እንኳ ሳቀባት። አባቴ ገና አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሞቷል።

ሐጂ የምንላቸው ጎረቤታችን መካን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ጺማቸው ከሰው ቀድሞ ስለሸበተ ነው ስሙ የወጣላቸው፤ እሳቸውም «አላህ ይሙላበት» ብለው ተቀበሉት። ከአባቴ ጋር በአንድ ዘመን ነው ከመሀል አገር ወደ ዲላ የወረዱት። አባቴ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም፤ ቢሆንም አጥራችን ላይ ከጥንት ጀምሮ ክፍት የተተወ መተላለፊያ ነበረ። ኤንትሬ የሚባለውን ዓይነት አሮጌ የጭነት መኪና ነበራቸው። ከፍስሐ ገነትና ከይርጋጨፌ ቡና ይጭኑባታል፤ የጭነት ማቀፊያ ስፖንዳዋ በሽቦ ተጠፍሮ፣ ሸራዋ ተጣጥፎ በደጃችን ስታልፍ የሱቃችን ጣሳዎች ይንቀጠቀጣሉ። የግራ ጎኗ ስፖኪዮ ከተሰበረ ቆይቷል። ሐጂ በቦታው የሚስታቸውን የእጅ መስታወት በሽቦ አስረው ይነዱ ነበር። ሰው ሲስቅባቸው «ከኋላዬ የሚመጣውን ካሳየኝ የሴት ቢሆን ምን አለበት» ይላሉ።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የወንድ አንድ ማለቴ ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በአንድ ዴስክ የተቀመጥን ጓደኛዬ ነበር። በሽብሩ ዘመን ስሙ ተያዘ የሚል ወሬ ሲሰማ ሐጂ በቡና ጆንያ ሥር ደብቀው በሞያሌ በኩል ሊያወጡት አሰቡ። የመኪናዋ የይለፍ ወረቀት እስኪወጣ ትንሽ ጠብቁ ተባሉ፤ ጠበቁ። ወረቀቱ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ልጁን ከቤት ወሰዱት። አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተሰጣቸውም። ከዚያ ወዲያ ሐጂ ወደ ሞያሌ ጭነት ተሸክመው ሄደው አያውቁም። በእጥፍ እንክፈል ቢሏቸውም መንገዱ አይስማማኝም ብለው ይመልሱ ነበር።

የእኔን ዋስ ማጣት ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአጥሩ መተላለፊያ መጡና ሱቁ ውስጥ ገቡ። እኔ እናቴ አጠገብ ቆሜ ሳለ እሷን ነበር ያናገሯት።

«ዋስ አጥቶ ነው አሉ ልጁ የቀረው።»

«ማን ይሆነዋል ብለው ነው፣ ሐጂ?» አለቻቸው እናቴ።

ከኮታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። የመኪናዋ ሊብሬ ነበር። «በሉ ይኸው፤ ይሒድ» አሉ።

«ሐጂ፣ መኪናዋ እኮ እንጀራዎ ናት» አልኳቸው። ደስታዬን ለመደበቅ ስታገል ድምፄ ቀጠነ።

«አንተ የምትሄድበትን አስብ» አሉኝና ለእናቴ ባትሪ ድንጋይ እንዳላት ጠይቀዋት ገዝተው ወጡ።

የምሄድ ዕለት እስከ ሻሸመኔ ራሳቸው ወሰዱኝ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ልቀጥል ነው። ስንለያይ ሕግ የተማረ ሰው አፉ አይዘጋም፤ መሐላ አበዛሁ። «በአባቴ አጥንት ይሁንብኝ፣ መኪናዎን አላስበላም። ትምህርቴን በጨረስኩ ማግስት እመለሳለሁ» አልኩ። ሐጂ አላዩኝም። የፊተኛውን ጎማ በእግራቸው መታ መታ አደረጉና «ነፋሷ ጎድሏል» አሉ። ከዚያ ጉንጬን ስመው ወደ ጋቢናው ወጡ። አንጀታቸው ተላውሶ ቃል ያጡ መሰለኝ። ሰውን አውቃለሁ የሚል ዳኛ ነበርኩ።

ሆላንድ ስደርስ ብርዱን እንጂ ትምህርቱን አልፈራሁትም። ከታንዛኒያ፣ ከሕንድ፣ ከዛምቢያ የመጡ ጓደኞች ነበሩኝ፤ ሁላችንም የየአገራችንን ሕግ በሻንጣ ይዘን የመጣን ይመስል መጀመሪያ ላይ እንፎካከር ነበር። አንድ ቀን ፕሮፌሰራችን የቡናን ጉዞ በሰሌዳ ላይ ሣለልን። የሚቆላው፣ ላኪው፣ ኮታ የሚያከፋፍለው፣ ዋጋ የሚቆርጠው ሁሉ በየሳጥኑ ተጽፏል። በመጨረሻ ጥግ ላይ «አምራች» የምትል ትንሽ ሳጥን ነበረች። እዚያች ሳጥን ውስጥ የእኛ የቡና መንደሮች፣ ኢዲዶም ባንኮ ጎቲቲም፣ እንሰቱም ዛፉም፣ ለወሰን ክርክር ብዬ በእግሬ የወጣሁበት ዳገት ሁሉ ገብቷል። እጄን አወጣሁና «የዚህችን ሳጥን ጭቃ አውቀዋለሁ» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቀም፤ «እንግዲያው ስለ እሷ ጻፍልን» አለኝ።

የጻፍኩት ስለ ዋስትና ነው። ሰበቡ ዲላ እያለሁ ያየሁት አንድ የኢዲዶ ሽማግሌ ነበር። የእኅታቸው ልጅ በወሰን ጠብ ሰው መትቶ ተከሰሰ፤ እሳቸው ዋስ ሆነው አስለቀቁት፤ ልጁ ጠፋ። በቀጠሮው ቀን ሽማግሌው በኮባ የተጠቀለለ ቆጯቸውን ይዘው መጥተው የወህኒ ቤቱ በር ላይ ቁጭ አሉ። ጠባቂዎቹ ጨንቋቸው እኔን አስጠሩኝ። ሕጉ ዋስን አያስርም፣ የተወሰነውን ከፍለው ወደ ቤትዎ ይሂዱ ብዬ በሚገባ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ በዚያ የጌዴኦ ለዛ ባለው አማርኛቸው «ቤት እንዴት ገባለሁ? ዋስ ቤት የላትም» አሉኝ። እዚያው አደሩ። ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ልጁ ተሸሽጎ የነበረበት ደረሰና በራሱ እግር መጣ።

ይህን ይዤ ነው የጻፍኩት። የተጻፈው ሕግ ዋስትናን የገንዘብ ነገር አድርጎታል፣ በእኛ ዘንድ ግን ዋስ ሰውየው ራሱ ነው፤ ልማት የሚሉትም ይህን ልማድ ማፍረሱን ትቶ ቢደገፍበት ይሻላል አልኩ። የሽማግሌውን ቃል የምዕራፍ ርዕስ አደረግሁት። ፕሮፌሰሩ ወደደው። እኔም ወደድኩት፤ እንዲያውም ከልክ በላይ። የራሴን ባህል በሰው አገር ቋንቋ ሳሞግስ የሆነ ሙቀት ይሰማኝ ነበር።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ፕሮፌሰሩ ቢሮው ጠራኝና ለዶክትሬት እንድቀር ጠየቀኝ። ቦታው ተዘጋጅቷል፤ እሺታዬ ብቻ ነው የቀረው። መቅረት ፈልጌ ነበር። ሌላ ምንም ሰበብ አልደረድርም፣ ፈልጌ ነበር። መስኮት አጠገብ ያለች ጠረጴዛ ነበረችኝ፤ እዚያ ተቀምጬ የማስበው ሐሳብ የእኔ ነበር፤ ማንም ትከሻዬ ላይ ተንጠራርቶ አያነበውም። የዚያችን ትንሽ ሳጥን ታሪክ መጽሐፍ አድርጌ ልጽፈው ምዕራፎቹን ሁሉ ከፋፍዬ ነበር። ግን «ዋስ አለብኝ» አልኩት።

«ጽፈህ ጠይቀዋ» አለኝ፣ ቀላል ነገር እንደሚናገር።

ተናደድኩ። ዋስን «ልቅርብህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዓይኑ እያየ መካድ እንደሆነ፣ ሐጂ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢነበብላቸው መኪናቸው ከመወሰዷ በፊት በኀፍረት እንደሚሞቱ ቆሜ አስተማርኩት። እሱም ፈገግ ብሎ «ጽሑፍህን እየኖርከው ነው» አለኝ። ያቺ ቃል ሰነበተችብኝ፤ ኮራሁባት። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ እስከ ጡረታዬ ዳኛ ነበርኩ፤ የወሰን ክርክር ሰማሁ፣ የቡና ኮንትሮባንድ ፈረድኩ፣ መጽሐፉን አልጻፍኩም። ሰዎች ይህን ስነግራቸው «ቁም ነገሩ አገርን ማገልገሉ ነው» ይሉኛል። ይበሉ። እኔን ግን ይቆጨኛል፤ ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር ይብስብኛል እንጂ አይለቀኝም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቤት ደብዳቤ አልተቋረጠብኝም። እናቴ ትናገራለች፣ እኅቴ ትጽፋለች። «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው። ሐጂም በጣም አድርገው ሰላም ይሉሃል።» አንዱ ከሌላው አይለይም። ደብዳቤ በመንገድ እየተከፈተ በሚነበብበት ዘመን ከዚያ በላይ ማን ይጽፋል?

አዲስ አበባ እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ሊብሬውን ማስለቀቅ ሆነ። ዲግሪዬንና ራሴን ይዤ ቀረብኩ፤ ሠራተኛው ከፋይሉ መሀል ነቅሎ ሰጠኝ። ላስቲኩ እንዳለ ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ ሳምኩት። በሻንጣዬ ውስጥ ደግሞ በሹራብ የተጠቀለለ አዲስ ስፖኪዮ ነበረ፤ ለዚያች አሮጌ መኪና የሚሆን ስፖኪዮ ፍለጋ ሆላንድ ውስጥ ያልገባሁበት ጋራዥ አልነበረም። አውቶቡሱ ዲላ እስኪደርስ ሐጂ መስታወቱን ሲያስሩና የሚስታቸውን መስታወት ሲመልሱላት እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

በደጃቸው ሳልፍ መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። ድሮ ዘይት እየተንጠባጠበበት ምንም የማይበቅልበት መሬት ነበር። ቤት ገብቼ ሰው ሁሉ ስሞኝ ሲያበቃ «ሐጂስ?» አልኩ።

«ሞያሌ ጭነው ሄደዋል» አለች እናቴ።

እኅቴ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ያኔ ልነቃ ይገባኝ ነበር። ሐጂ ሞያሌ አይሄዱም። እኔ ግን ሰውየው ኀዘናቸውን ረስተው መንገዱን ጀመሩት ብዬ ደስ አለኝ፤ ለእናቴም ይህንኑ ነገርኳት። «እህ» አለችና ወጡን ጨመረችልኝ።

በማግሥቱ ፀሐይ ሳትወጣ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቶቻችን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከታትለው ገቡ። በእኛ አገር ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው መርዶ ይዞ ነው። ሐጂ የሞቱት ባለፈው ክረምት ነበር። ልባቸው ነው አሉ። ከዚያ በፊት መኪናዋን መንግሥት ለግዳጅ ወደ ሰሜን ወስዷት ጦርነት ውስጥ ተቃጥላለች። ሾፌሩ ነፍሱን ይዞ መጥቶ ነገራቸው። እንግዲህ ሊብሬውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ የያዘውም መንግሥት፣ መኪናዋን የወሰደውም መንግሥት ነው። እኔ ደግሞ የሌለች መኪና ላስለቅቅ፣ የሌሉ ሰው ላላሳፍር መጣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ለምን አልጻፋችሁልኝም ብዬ አልጮኽኩም። መልሱን አውቀዋለሁ። በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይጻፍም፤ ብቻውን አልቅሶ ምን ይሆናል፣ ማን ይይዘዋል ይባላል። እኔም በየደብዳቤዬ ስለ ራሴ ደህና ነኝ እንጂ ሌላ ጽፌ አላውቅም።

ረፋዱ ላይ ሊብሬውንና ስፖኪዮውን ይዤ በአጥሩ መተላለፊያ አልፌ ሚስታቸው ዘንድ ሄድኩ። ከስተዋል። አንገቴን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ፊታቸውን ጠረጉና ትኩር ብለው አዩኝ።

«ለምን መጣህ?» አሉኝ።

ጥያቄው አልገባኝም። «ትምህርቴን ጨረስኩ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ሐጂ እዚያው ቅር ብለውህ የለ እንዴ? መኪናዋ የተቃጠለች ሳምንት አይደለም እንዴ ለእናትህ ይጻፍለት ያሏት? መኪናዋ የለችም፣ የሚይዙት ነገር የለም፣ እዚያው ይማር፣ እዚያው ይኑር በሉት አላሏትም? እሷም አጽፋለሁ አለች። ታመው ተኝተው ሳለ 'ምን መለሰ ልጁ?' ብለው ጠየቋት። 'እሺ ብሏል' አለቻቸው።»

ያ ደብዳቤ አልተጻፈም። ቢጻፍ ዛሬ የት እንደምሆን በዓይኔ አየሁት፤ መስኮቱን፣ ጠረጴዛዋን። እናቴ ክፉ ወሬ ላለመጻፍ ብላ ይሁን ልጇን ለማየት ብላ፣ ወይም ሁለቱን ለይታ ሳታውቃቸው፣ አልጠየቅኋትም። እስክትሞትም አልጠየቅኋትም። እዚያች ሴት ፊት ግን አንድ ነገር መመለስ ነበረብኝ፤ እውነቱን ብናገር በአጥሩ መተላለፊያ ከዚያ ወዲያ የሚያልፍ ሰው አይኖርም።

«ናፈቃችሁኝ፣ እትዬ» አልኩ። «አልቻልኩም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊብሬውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ስፖኪዮውን ከሹራቡ ፈትተው አገላብጠው አዩት። በውስጡ የራሳቸው ፊት ሲታያቸው ወደ መሬት ዘቀዘቁት።

«እንቅልፍ እንዲህ ወስዷቸው አያውቅም ነበር» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስታወቱ የሚናገሩ ይመስል። «'እሺ ብሏል' የተባሉ ዕለት እንደ ሕፃን ነው የተኙት። 'ያኛውን በዚያች መኪና ላወጣው አልቻልኩም፤ ይኸኛውን አወጣሁ' አሉኝ። ይህንን ይዘው ነው የሞቱት።»

ያን ጊዜ ሻሸመኔ ላይ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ ያደረጉት ትዝ አለኝ። መሐላዬን መስማት አልፈለጉም ነበር። እመለሳለሁ ባልኩ ቁጥር እየገደልኳቸው ነበር።

ሴትዮዋ ተነሥተው ትከሻዬን ዳበሱኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም እንዲያ በርኅራኄ የተናገረኝ ሰው የለም።

«እንኳን ሳያዩህ ሞቱ» አሉኝ።

በአጥሩ መተላለፊያ ተመልሼ ገባሁ። እናቴ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችኝ ነበር፤ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ዓይኗ ፊቴ ላይ ነው።

«ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው» አልኳት። «በጣም አድርገው ሰላም ይሉሻል።»